አሞሌ፣ በሬና ባሕር ዛፍ፦ ሪቻርድ ፓንክረስት ለውጥን የፈለጉበት ቦታ

የኢትዮጵያን ባህል የሚወክል አንድ ነገር ምረጡ ቢባል ብዙው ሰው ቡናን ይመርጣል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በየቤቱ የነበረ ይመስላል። የታሪክ ማስረጃው ግን ሌላ ነው የሚለው። ቡና በሙስሊሙና በኦሮሞው ማኅበረሰብ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ቢሆንም በክርስቲያኑ የሰሜን ደጋ መጠጣቱ ለረጅም ዘመን ያስነቅፍ ነበር። ካህናቱ "የእስላም መጠጥ ነው" እያሉ ያርቁት ነበር። በክርስቲያኑ ዘንድ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማለዘብ በኩል ድርሻ ነበራቸው።

ከዚህች አንዲት ስኒ ብዙ ጥያቄ ይወጣል። "የአባቶቻችን ባህል" የሚባለው ነገር መቼ ተጀመረ? ማን ጀመረው? ማንስ ተቃወመው? ተቃዋሚው መቼ ተረታ? በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለ ታሪክ የሚካሄደው ሙግት ግን ወደነዚህ ጥያቄዎች አይደርስም። ሙግቱ "እገሌ ንጉሥ የአገር ባለውለታ ነበር" በሚልና "የለም፣ ጨካኝ ነበር" በሚል ይጀመራል፤ እዚያው ላይም ያበቃል። የካቲት በመጣ ቁጥር ያው ሙግት፣ ሐውልት በተነሣ ቁጥር ያው ስድብ። በዚህ መካከል ገበሬው ምን በላ? ሸማኔው ምን ተባለ? ገበያ ላይ የሚሠራው ገንዘብ ምን ነበር? ወረርሽኝ ሲገባ ማን ሞተ? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

እነዚህን ጥያቄዎች ስድሳ ዓመት ያህል ሲጠይቁ የኖሩ አንድ የታሪክ ምሁር ነበሩ፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት።

◾ ሰውየው

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1927 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተወለዱ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት ለሴቶች የመምረጥ መብት በመታገል የታወቁ ሲሆኑ፣ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የተባለ ጋዜጣ በ1936 እ.ኤ.አ. አቋቁመው ዓለም የረሳትን አገር ጉዳይ ሲጮኹላት ኖረዋል። አባታቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ፋሺዝምን የተቃወሙ ስደተኛ ኢጣልያዊ ነበሩ። ልጁ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በኢኮኖሚ ታሪክ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በ1956 እ.ኤ.አ. ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም ማስተማር ጀመሩ። ሲልቪያ በ1960 እ.ኤ.አ. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ልጃቸውና ባለቤታቸው ሪታ ግን ሥራውን ቀጠሉ። ሲልቪያ የጀመሩትን "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" የተባለ መጽሔት ለዓመታት አዘጋጁ። ሪታ ደግሞ በሙያቸው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ፤ ብሔራዊውንም የዩኒቨርሲቲውንም ቤተ መጻሕፍት በየተራ መርተዋል።

በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ተቋሙ ዛሬም ያለው በስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ንጉሡ ይኖሩበት የነበረው ሕንፃ የገበሬ መሣሪያ፣ የሸማኔ ዕቃ፣ የእናቶች እንስራ የሚጎበኝበት ሙዚየም ሆነ ማለት ነው።

የሙያቸው መነሻ ኢኮኖሚ መሆኑ ለሥራቸው ወሳኝ ነበር። የቤተ መንግሥት ታሪክ የሚጽፍ ሰው "ማን ነገሠ?" ብሎ ይጀምራል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪ ግን "በዚያ ዘመን እህል ስንት ይሸጥ ነበር?" ብሎ ይጀምራል። በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ከ1800 እስከ 1935 ያለው የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ፣ ሁለት ቅጽ የሆነው የከተሞች ታሪካቸው፣ የረኃብና የወረርሽኝ ታሪካቸው፣ የሕክምና ታሪካቸው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ታሪካቸው ሁሉም ከዚህ ጥያቄ የተወለዱ ናቸው።

◾ በሬው

ስለ ምኒልክ ዘመን ሲወራ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ይጠቀሳሉ፤ የውጫሌ ውል የተፈረመበት 1881 እና የአድዋ ድል የተገኘበት 1888። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የነበረው ክፉ ቀን ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የቆየው ያ ረኃብ የጀመረው በከብት በሽታ ነው። ኢጣልያኖች ለጦራቸው ከሕንድ ባስመጧቸው ከብቶች ጋር በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ በሽታ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገሩን አዳርሶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተዛመተ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይላሉ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ደግሞ ማሳውን የሚያርስበት የለውም። በላዩ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል ብለው የሚገምቱ አሉ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር፣ ያለ በሬም ማረስ እንደሚቻል ለሰዉ ምሳሌ እንደሆኑ ይተርካል።

ፓንክረስት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ረኃብ ባወጡት ጥናት የዘመኑን የተበታተነ ምስክርነት አንድ ላይ አመጡት፤ የዜና መዋዕሉን፣ የሚሲዮናውያኑን ደብዳቤ፣ የመንገደኞችንና የዲፕሎማቶችን ዘገባ። ከዚያ በኋላ ያንን ዘመን በድሮው ዓይን ማየት አስቸጋሪ ሆነ። የኢጣልያ ጦር ያለ ብዙ ችግር አሥመራ የደረሰበት ምክንያት፣ ወታደሩ እህልና ከብት ፍለጋ ወደ ደቡብ የወረደበት ፍጥነት፣ በየቦታው የሕዝቡ አሰፋፈር የተለዋወጠበት ሁኔታ ሁሉ ከአንድ የከብት በሽታ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። አድዋም ቢሆን የበለጠ እንጂ ያነሰ አልሆነም፤ በሬው ካለቀ፣ ጎተራው ከተራቆተ ጥቂት ዓመት በኋላ ያን ያህል ሠራዊት ስንቅ አስይዞ ያዘመተ አገር ነው ድል ያደረገው። ያንን ስንቅ ያረሰ፣ የፈጨ፣ የጋገረና የተሸከመ ሰው ስሙ በግጥም አልገባም። በሬው ሲጠና ግን እሱም ብቅ ይላል።

◾ ዛፉ

የድሮ ነገሥታት ከተማቸውን ለምን ያዘዋውሩ ነበር? የተለመደው መልስ ጦርነትና ግብር ማስገባት ነው። ፓንክረስት በከተሞች ታሪካቸው ሌላ ምክንያት ያክላሉ፤ የማገዶ እንጨት። ብዙ ሺህ ሰው አንድ ቦታ ሲሰፍር በጥቂት ዓመት ዙሪያውን ያለው ደን ያልቃል፤ የእህሉም ነገር እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል።

አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ደርሷት ነበር። በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው ከተማ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት እንጨት አጠራት፤ ምኒልክም ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መሥራት ጀመሩ። ይህን ያስቀረው ከአውስትራሊያ የመጣ አንድ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ስሙም እዚያው ላይ ቀረ። በፍጥነት ያድጋል፤ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ጸናች።

የዛፉ ውጤት በማገዶ አላበቃም። ከተማው ካልተነቀለ ሰው ቋሚ ቤት ይሠራል። ቋሚ ቤት ከተሠራ የቦታ ዋጋ ይመጣል፤ ከቦታ ዋጋ ጋር ክርክር፣ ውርስ፣ ኪራይ፣ ዕዳ ይመጣል። የቤቱ ማገርና ወጋግራ ከባሕር ዛፍ፣ ምድጃው የሚነደው በባሕር ዛፍ፣ ከእንጦጦ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክምም ባሕር ዛፍ ሆነ። ምንጭ ያደርቃል፣ መሬት ይመጥጣል የሚለው ወቀሳም አብሮት መጣ፤ እስከ ዛሬም አልቀረም። "አዲስ አበባን ማን ሠራት?" የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ እሳት በሆነበት በዚህ ዘመን አንዱ መልስ አንድ የባዕድ ዛፍና ያንን ዛፍ በጀርባቸው ያመላለሱ ሴቶች መሆናቸውን የሚያነሣ የለም።

◾ ገንዘቡ

በ1887 ዓ.ም ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ብር አስቀረጹ። ነጻ አገር የራሱ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል የሚል ትክክለኛ አሳብ ነበር። አዋጁም ታወጀ። ገበያው ግን አልሰማም።

ገበያው ያመነው ጠገራ ብርን ነበር፤ የኦስትሪያይቱን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ የያዘውን፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል የሚጻፍበትን። ነጋዴው ብሩን ተቀብሎ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከጎደለ ይመልሳል። ለዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በአንዳንድ ስፍራ የጠመንጃ ጥይት ሳይቀር የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም ተከፍቶም የሰዉ እምነት ቶሎ አልተለወጠም። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስከወጣበት እስከ 1937 ዓ.ም ድረስ ጠገራ ብር ከገበያ አልጠፋም።

ፓንክረስት ስለ ገንዘብ የሰበሰቡት ማስረጃ ዛሬም የሚሠራ ትምህርት አለው። ንጉሠ ነገሥቱ የኢጣልያን ጦር አሸነፉ፤ የሞተችን የኦስትሪያ ንግሥት ግን ከገበሬው መቀነት ማስወጣት አልቻሉም። ገንዘብ ማለት እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ በአዋጅ አይታተምም። ባላገሩ "ኋላ ቀር" ስለሆነ አይደለም አዲሱን ብር ያልተቀበለው። ለዓመታት የፈተነውንና ያላሳፈረውን ገንዘብ ትቶ ያልፈተነውን ለመያዝ ምክንያት ስላልነበረው ነው። ያደረገው ማንኛውም አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገውን ነው።

◾ ስድቡ

በ1964 እ.ኤ.አ. ፓንክረስት "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጡ። ጉዳዩ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገርን መጥላትና አዲስ ነገርን መቀበል ነው። በዚያን ጊዜ በውጭ ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደው አነጋገር "ሐበሻ አዲስ ነገር አይወድም" የሚል ነበር። ፓንክረስት ይህን ፍርድ እንዳለ አልተቀበሉትም። የሰበሰቡት ማስረጃ የሚያሳየው ሁለቱም ዝንባሌ ጎን ለጎን እንደኖረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጣሉ፤ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ራሳቸው ይሸከማሉ። ዐፄ ዮሐንስ ደግሞ ትንባሆ የሚጠቀመውን ሰው አፍንጫና ከንፈር እስከ መቁረጥ ይቀጣሉ። በ1908 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቤተ ክህነት የአውሮፓ መምህራን ሃይማኖት ያስለውጣሉ ብላ ሰጋች፤ መፍትሔው ከግብጽ የኮፕት ክርስቲያን መምህራንን ማስመጣት ሆነ። ፈረንሳይኛውን የሚያስተምር የሃይማኖት ወንድም ሲሆን ዓለማዊ ትምህርት በበር ገባ። ለውጥ በአብዛኛው የሚገባው እንዲህ ነው፤ ተደራድሮ፣ የሚታወቅ ልብስ ለብሶ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ፓንክረስት ደጋግመው የሚመለሱበት አንድ ነገር አለ፤ የእጅ ሥራ ንቀት። ብረት የሚቀጠቅጠው "ቡዳ"፣ ቆዳ የሚያለፋው "ፋቂ"፣ ሸማኔው "ቁጢት በጣሽ"፣ ነጋዴው "መጫኛ ነካሽ" ይባል ነበር። ማረሻውን ከሚሠራለት ቀጥቃጭ ጋር ገበሬው አይጋባም። የለበሰውን ጥበብ የሸመነለትን ሰው ባላባቱ ከማዕዱ አያቀርብም። ለዘመናት ብዙው የእጅ ሥራ በቤተ እስራኤልና በሙስሊሞች እጅ፣ በየአካባቢውም በተገለሉ ማኅበረሰቦች እጅ የቆየው ለዚህ ነው። መሬት የመያዝ መብት የተነፈገው ወገን እጁን ይዞ ቀረ፤ እጁም መሰደቢያው ሆነ።

ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም አዋጅ አወጡ፤ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ክልክል ነው፣ የሚሳደብም ይቀጣል የሚል። ባለአዋጁ አገሩ የሚያድገው በሠራተኛ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ አዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ስንት ቤት ውስጥ ነው "ዘሩ ምንድን ነው? እጁ ምን ይሠራ ነበር?" ተብሎ ጋብቻ የሚፈርሰው? ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቢሮ መቀመጥ ክብር፣ ብረት መበየድና ጫማ መስፋት ውርደት የሆነበት አስተሳሰብ ከየት መጣ? አገሪቱ የሙያ ትምህርት ቤት በከፈተች ቁጥር ወላጅ ልጁን "ካልቻለ ወደዚያ ይሂድ" የሚለው ለምንድን ነው? መልሱ ባቡሩ በመዘግየቱ ወይም ስልኩ በመቅረቱ ውስጥ አይገኝም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገብቷል። ያልገባው ለባቡሩ ሠራተኛ የሚሰጠው ክብር ነው።

የባርነትም ታሪክ ከዚሁ ጋር ይነበባል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ነበር፤ በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ሙሉ በሙሉ የተሻረው ግን ከፋሺስት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ስሙ ግን እንደ ስድብ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ቀረ። ፓንክረስት ኢትዮጵያን ይወዱ እንደነበር የሚጠራጠር የለም፤ ይህን ምዕራፍ ግን ከመጻሕፍታቸው አላወጡትም። አገርን መውደድና ቁስሏን መቁጠር አንድ ላይ እንደሚሄዱ በሥራቸው አሳይተዋል።

◾ ኅዳር ሲታጠን

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል፤ ልጆች ይደሰታሉ፤ አስም ያለበት ያማርራል። "ኅዳር ሲታጠን" ይባላል። ብዙው ወጣት ለምን እንደሚታጠን አያውቅም።

ያ ጭስ የአንድ ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። በ1911 ዓ.ም ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። የኅዳር በሽታ ተባለ። ቀባሪ ጠፋ፤ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እነሱም ታመሙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ተርፈዋል። ፓንክረስት በ1975 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚህ በሽታ ጽፈው የሐኪሞችን፣ የዲፕሎማቶችንና የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችን ምስክርነት አገናኙ። ስለ ፈንጣጣም እንዲሁ ጽፈዋል። ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን በመጠኑ ማስያዝ፣ ማለትም የጥንቱ ክትባት፣ በኢትዮጵያ ይሠራበት እንደነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንገደኞች መዝግበዋል። ዘመናዊ ሕክምና ከአድዋ በኋላ ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ብቻ አልተጀመረም። የአገሩ ሰው የራሱ ዕውቀትም የራሱ ፍርሃትም ነበረው፤ አዲሱ ሕክምና የተገናኘው ከሁለቱም ጋር ነው።

ኮሮና በገባበት ወቅት ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ወረርሽኝ ማስታወስ ያስፈለገው ሰው ብዙ ነበር። ያን ጊዜ መልስ የተገኘው ማንም ሳያዝዛቸው ስለ አንድ የተረሳ በሽታ ማስታወሻ ከያዙ ሰዎች ነው።

◾ ጉድለቱ

የፓንክረስት ሥራ ጉድለት የለበትም ማለት እሳቸው የታገሉትን የንጉሥ ውዳሴ ወደ ታሪክ ጸሐፊው ማዞር ይሆናል። ትልቁ ጉድለት ከምንጮቻቸው ይመጣል። ጄምስ ብሩስ፣ ሄንሪ ሶልት፣ ናትናኤል ፒርስ፣ ማንስፊልድ ፓርኪንስና የመሳሰሉት መንገደኞች ያዩት በሄዱበት መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ነው። መንገዱ ደግሞ በአብዛኛው ከምፅዋ ወደ ዓድዋ፣ ወደ ጎንደር፣ ኋላም ወደ ሸዋ የሚወስድ ነበር። በደቡብ፣ በምዕራብ፣ በአርብቶ አደሩ ምድር የነበረው ኑሮ በእነሱ ማስታወሻ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ያለውም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የተሰማ ነው። መንገደኛው ወንድ በመሆኑ ደግሞ የሴቶችን ዓለም ያየው ከበር ውጭ ሆኖ ነው። ፓንክረስት ሁሉን ሰበሰቡ፤ ሆኖም ያልተጻፈ ነገር በመሰብሰብ አይገኝም። ሌላው ነቀፌታ ማስረጃውን መደርደር ያበዛሉ፣ ትርጓሜውን ግን ያሳጥራሉ የሚል ነው። ይህም እውነት አለበት።

ነቀፌታው ሥራውን ያሳድገዋል እንጂ አያፈርሰውም። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የቃል ታሪክ ይዘው ወደ ወረዳው ወርደዋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፋቸው እነ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሳሰሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምሁራን ስለ ለውጥ ያሰቡትንና የጻፉትን መርምረዋል። አንዱ በሬውንና ብሩን፣ ሌላው አሳቡን አጠና። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የዘመናዊነት ታሪክ መልክ የሚይዘው።

◾ ለዛሬ ምን ይረባል?

በ1976 እ.ኤ.አ. አብዮቱ ሲከር ፓንክረስት አገሩን ለቀው ለንደን ገቡ። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ተመለሱ፤ ወደዚያው ተቋም፣ ወደዚያው ወረቀት። በጋዜጣ ላይ ለተራው አንባቢ ታሪክ ሲያካፍሉ ኖሩ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ የጫነውን ዘረፋ እንዲመልስ ተከራከሩ። ሮም ላይ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበሩ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲመለስም አዩ። በየካቲት 2009 ዓ.ም በ89 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

ያንን ሐውልት ለማስመለስ የደከሙት ሰው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ግን በሐውልት ላይ አይደለም። በጨው፣ በእንጨት፣ በበሬ፣ በፈንጣጣና በስድብ ላይ ነው። ይህ ምርጫ ለዛሬው ሙግት የሚለው ነገር አለ።

ለውጥን ሁሉ ለአንድ ንጉሥ የሰጠ ሕዝብ ጥፋቱንም ሁሉ ለአንድ ንጉሥ ይሰጣል። ቀጥሎ የሚያደርገው የተሻለ ንጉሥ መጠበቅ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ጠበቀ፤ ኢሕአዴግ ሲገባ ጠበቀ፤ በ2010 ዓ.ም ለውጥ ሲባልም ጠበቀ። ፓንክረስት የሰበሰቡት ማስረጃ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። ገበያው ያላመነውን ብር ንጉሡ ሊያስቀበል አልቻለም። ካህናቱ ያወገዙትን ቡና ሰዉ ጠጣው። በአዋጅ የተከለከለው ስድብ በየሠርጉ ሽምግልና ላይ ቀጠለ። በእያንዳንዱ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ስሙ ያልተጻፈው ሕዝብ ነው፤ ለበጎም ለክፉም።

ይህ የሚያስደስት ዜና ብቻ አይደለም። ተጠያቂነትን ከቤተ መንግሥት ወደ እያንዳንዱ ቤት ያመጣል። የሸማኔውን ልጅ የናቀው ምኒልክ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ነበር። ምኒልክ እንዲያውም ከለከሉ። ስለ ምኒልክ ሐውልት እየተሰዳደበ የሚውለው ሰው፣ ደጋፊም ይሁን ተቃዋሚ፣ ልጁ አንጥረኛ ልታገባ ነው ቢሉት ምን ይላል? እውነተኛው የታሪክ ፈተና ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ውጤቱም በየካቲት ሰልፍ አይለካም።

ወረቀቱ እየጠፋ ነው። በጦርነቱ የተዘረፈ ቤተ መዛግብት፣ ዝናብ የሚገባበት የወረዳ መዝገብ ቤት፣ ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር የደብተር ማስታወሻ ብዙ ነው። የአያትን የገበያ ዋጋ፣ የአያትን የበሽታ ስም፣ የሰፈሩን ዛፍ ማን እንደተከለው የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየቀኑ ያልፋሉ። እነሱን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ የፕሮፌሰር ማዕረግ አይፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና "ያኔ አንድ አሞሌ ጨው ስንት ይገዛ ነበር?" የሚል ጥያቄ ይበቃዋል።